የጅማ ሦስት ሰዓት በባሕር ላይ

ከጃፓን ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ባሕሩ ነው። ስፋቱ እንዴት ነው፣ ዓሣው ሰው ይበላል ወይ፣ ጃፓኖች እውነት ወለል ላይ ነው ወይ የሚተኙት። ሄርማታ ገበያ መሀል ሸክማቸውን አውርደው የሚጠይቁኝ አሉ። ስለ ሰዓት የጠየቀችኝ ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ለእሷ የሰጠሁት መልስ ውሸት ነበር። ይህን የምጽፈው ያንን ለማቃናት ነው። ባሕሩም መንገድ ላይ ስላለ አብሮ ይነገራል።

እኔ የቡና መፈልፈያ ማሽን ሠራተኛ ነኝ። በልጅነቴ ጅማ ውስጥ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ሠርቻለሁ፤ ቋንቋቸውንም ከነስድቡ እዚያው ለቀምኩ። አሠሪዬ ከጃፓን አዲስ ማሽን ገዙና አሠራሩን ተምሬ እንድመጣ ሲያዙኝ፣ ባለቤቴ ዓለም ቦሳ ኪቶ ቤታችን ውስጥ በሳንባ በሽታ ከተኛች አራት ወር ሆኗት ነበር። መርፌው ከተጀመረላት ወዲህ ግን ትንሽ ተሽሏት ነበር፤ እህልም መቅመስ ጀምራለች። እናቷ እትዬ ብርቄ ከሰቃ መጥተው ያስታምሟታል። አልሄድም ብል ሌላ ሰው ይላካል፣ የሥራ ቦታዬም አብሮ ይሄዳል። ሂድ ያለችኝ ራሷ ዓለም ናት። እኔም መሄድ ፈልጌ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም።

ልሄድ ስል አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ድሬሰሩ መርፌውን ይዞ የሚመጣው ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው» አለች። «ሁልጊዜ እጄን የምትይዘኝ አንተ ነህ። አሁን ማን ይይዘኛል? በዚያች ሰዓት የትም ሁን፣ ያለህበት ቆመህ አስበኝ። እኔም አስብሃለሁ።»

«ሥራ ላይ ብሆንስ?»

«ሥራውን አቁመው።»

እሺ አልኳት። የእጅ ሰዓቴን ከክንዴ ፈታ ሞላችልኝና መልሳ አሰረችልኝ። ሰዓቴን ማታ ማታ የምትሞላልኝ እሷ ነበረች። ከተጋባን ጀምሮ እኔ ሰዓት ሞልቼ አላውቅም።

በመጀመሪያው ቀን ቡና በጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ጅማን ለቀቅኩ። ዝናቡ ይወርዳል፤ የሄርማታ ጭቃ እስከ አሰንዳቦ ድረስ ከጎማው ጋር የተከተለን ይመስለኛል። ጎማ ፈነዳብንና ሾፌሩ እየተራገመ ሲቀይር ሰዓቴን ባየው ሦስት ሊሆን ነው። ከመንገዱ ወጣ ብዬ ከአንድ ዋርካ ሥር ቆምኩ። ሾፌሩ ሆዴን ያመመኝ መስሎት ነበርና ስመለስ «በርበሬ ቀንስ» ብሎ መከረኝ። ጊቤን ወርደን ወጥተን ሲመሽ ወሊሶ አደርን። አልጋው ቁንጫ ነበረበት፤ ባለቤቲቱ ግን መንገደኛ መሆኔን አይታ ያለ ልመና እግሬን በሙቅ ውሃ አሳጠበችኝ። በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ገባን፤ ከዚያ ባቡር ተሳፍሬ በአምስተኛው ቀን ጅቡቲ ወረድኩ። ስለ ጅቡቲ የምለው ሙቀት ብቻ ነው። ጅማ ውስጥ ልብስ አልደርቅ ብሎ ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ እዚያ ያጠብኩት ሸሚዝ ጨምቄው ሳልጨርስ ደረቀ።

መርከቧ የጭነት መርከብ ናት፤ ሠራተኞቿ ጣሊያኖች ናቸው። ሆዷ ውስጥ የኛ አገር ቡና ስለተጫነ ወደ መኝታዬ ስወርድ የመጋዘናችን ሽታ ተቀበለኝ። ከእኔ ሌላ የነበሩት ተሳፋሪ አንድ ናቸው፤ እሳቸውም የአገሬ ሰው ሆነው ተገኙ። ሄርማታ መስጊዱ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ሳልም ናቸው። አባታቸው ከሐድረሞት የመጡ፣ እሳቸው ጅማ የተወለዱ፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ዓረብኛውንም ባንድ ትንፋሽ የሚናገሩ ሽማግሌ። ስንጋፑር ያለ ወንድማቸውን ከልጅነት ጀምሮ አላዩትም፤ ሳይሞቱ ሊያዩት ነው የሚሄዱት።

«አካም፣ ተሰማ» አሉኝ ሲያዩኝ። «ጅማ ውስጥ ቀና ብለህ ሰላም አትለኝም። አሁን አንድ ክፍል ውስጥ አላህ ቆለፈብን።»

በመርከቧ ላይ በሦስተኛው ቀን፣ ኤደንን አልፈን ጥቂት እንደሄድን፣ ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ዛሬ ማታ የመርከቧ ሰዓት በግማሽ ሰዓት ወደፊት ይሄዳል ይላል። ደሜ ፈላ። ሰዓት እንደ ላስቲክ የሚሳብ ነገር ነው እንዴ? በነጋታው የመርከቧን ሰዓቶች የሚይዘውን መኮንን ጠየቅሁት። ብሩኖ ይባላል፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲያወራ ጥርሱን የማያሳይ ሰው ነው።

«የምንሄደው ወደ ፀሐይ መውጫ ነው» አለኝ። «በሄድን ቁጥር ፀሐይ ቀድማ ትወጣልናለች። ሰዓታችንን ካልገፋን በሌሊት ምሳ ልንበላ ነው።»

እኔም ከአገሬ ሰዓቴን እንዳልነካና ለምን እንዳልነካ ነገርኩት። ሚስት እንደታመመችብኝ ሲሰማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኛ አገር ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት እንደምንል፣ ቀኑን ከዚያ እንደምንቆጥር አስረዳሁት። ሁለት ሦስት ጊዜ ካስደገመኝ በኋላ በእርሳስ አንድ ነገር አስልቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ይህን ሰዓት ማንም አይንካብህ» አለ። «ሙላው፣ ሌላ ምንም አታድርገው። ሁልጊዜ የሚስትህን ሰዓት ይነግርሃል። ዮኮሃማ ስንደርስ ደግሞ ከወደቡ ሰዓት ጋር አስተያየው፤ መርፌዎቹ አንድ ቦታ ላይ ይሆናሉ። እናንተ ቁጥሩን ስድስት ሰዓት አዘግይታችሁ ትጀምራላችሁ፣ ጃፓኖቹ ደግሞ ከእናንተ በስድስት ሰዓት ይቀድማሉ። ባንድ ክብ ላይ ስለሆነ ይገናኛል።»

አልገባኝም፤ ግን ደስ አለኝ። ለሐጂ ስነግራቸው ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። «የኔ ሰዓት እዚያ ነው ያለው። የትም ብሄድ ያገኘኛል፣ መሙላትም አይፈልግ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፀሐይ መሀል ስትደርስ ዙህርን ይሰግዳሉ፣ ስትጠልቅ መግሪብን፤ ባሕሩም ይሁን ሄርማታ ለእሳቸው ያው ነው። የእኔ ቀጠሮ ግን ከፀሐይ ጋር ሳይሆን ከአንዲት ሴት ጋር ነበር። እሷም ከቦሳ ኪቶ አልተንቀሳቀሰችም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች አንድ ዓይነት ናቸው። ማታ ማታ ሰዓቴን እሞላለሁ፤ ሦስት ሲል ከመርከቧ ኋላ ገመድ የተጠቀለለበት ቦታ ሄጄ እቆማለሁ፤ እጇን የያዝኩ ያህል እጄን እጨብጣለሁ። አባታችን ሆይን እደግማለሁ። መጀመሪያ ላይ ሦስት ሰዓት የሚመጣው ከቁርስ በኋላ ነበር። ከሳምንት በላይ ተጉዘን ኮሎምቦ ስንደርስ ግን ምሳ ሊቀርብ ሲል ሆነ፤ ፀሐይ አናቴ ላይ ቆማለች። ብሩኖ የነገረኝን አውቃለሁ፤ ግን ሆዴ አላመነም። የጅማ ሦስት ሰዓት ፀሐይዋ ከጎን የሆነች፣ ጤዛው ያልረገፈላት ሰዓት ናት። ያን አናት የሚበሳ ፀሐይ እያየሁ ዓለም አሁን መርፌዋን እየተወጋች ነው ማለት ከበደኝ። በየቀኑ ከእሷ የራቅሁ ይመስለኝ ጀመር።

ኮሎምቦን ለቀን በሁለተኛው ቀን ማዕበል ተነሣ። እንደዚያ ያለ ነገር ጠላቴን አያግኘው። ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ሐጂ ሳልም በስድሳ ምናምን ዓመታቸው ወለሉ ላይ ተንበርክከው ትውከቴን ጠረጉ፣ ሎሚና ዝንጅብል በውሃ እየበጠበጡ በማንኪያ ሰጡኝ። ፈጣሪዬን ውሰደኝ ስል «ኤዬ፣ ዝም በል፣ ልጅቷ ትጠብቅሃለች» ይሉኛል። ሁለት ቀን ይሁን ሦስት አላውቅም። ቀና ባልኩበት ሌሊት መጀመሪያ ያየሁት ሰዓቴን ነው። ቆሟል። ሳልሞላው ነዋ።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የቀረችብኝን ሦስት ሰዓት ቆጥሬ አልደርስባትም። ብሩኖ ዘንድ መሄድ ነበረብኝ፤ አንድ ደቂቃ በማይፈጅ ነገር ያስተካክልልኝ ነበር። ግን ማሽን ሠራተኛ ነኝ ባዩ ሰውዬ ሰዓቱን መሙላት ረሳ መባልን አፈርኩ። ደግሞስ ምን ያስጠይቀኛል አልኩ። ጅማ ውስጥ ሰዓቱ የቆመበት ሰው የሚያደርገውን እናውቃለን፤ ፀሐይ እስክትወጣ ይጠብቃል፣ ብቅ ስትል አሥራ ሁለት ላይ ያደርጋል። አባቴም የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ወደ ላይ ወጣሁና ብርዱ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ፀሐይዋ ከውሃው ስትወጣ አሥራ ሁለት ላይ አድርጌ ሞላሁት።

ዕረፍት ተሰማኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስት ሰዓቴ ወደ ረፋዱ ተመለሰችልኝ፤ ፀሐይዋም እንደ አገሬ ከጎን ሆነች። የታመመው ሰዓቴ ዳነ፣ ዓለምም ቀረበችኝ አልኩ። እንዲያውም ሐጂን «አሁን ልክ ሆነ» አልኳቸው። እሳቸውም አልሐምዱሊላህ አሉ።

ስንጋፑር የገባነው ማክሰኞ ጠዋት ነው። በሰዓቴ ሦስት ሲል የሐጂን ጓዝ ተሸክሜ መሰላሉ ላይ ነበርኩ፤ ጓዙን አውርጄ ቆምኩና እንደ ልማዴ አሰብኳት። የሐጂ ወንድም ወደብ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች እየተያዩ ለረዥም ጊዜ አልተነካኩም። ከዚያ ታናሽየው የታላቁን እጅ ሳመ፣ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ወደ መርከቧ ልመለስ ስል ወንድምየው ክንዴን ይዞ አለቀቀኝም። «ወንድሜን ያመጣልኝ ሰው ሳይበላ አይሄድም» አለ፤ ሐጂ ተረጎሙልኝ።

ቤታቸው የሄርማታ ሱቆችን ይመስላል፤ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። ሩዝ በሙዝ ቅጠል ላይ አቀረቡልን። በእንግዳ ቤት እንደማፍር አይተው ሴትየዋ ራሳቸው ዓሣውን ከእሾኩ እየለዩ ፊቴ አደረጉልኝ። ሐጂ መንገዱን ሙሉ የወንድማቸውን አገር ፍሬ ሲያወድሱልኝ ነበር የመጡት፤ በደብዳቤ ተጽፎላቸዋል፣ ከማር ይጣፍጣል። ምሳው ሲያበቃ ያ ፍሬ መጣ፤ የሰው ራስ የሚያህል፣ እሾህ ብቻ። ሲሰነጠቅ ቤቱን የሞላው ሽታ ምን እንደሆነ አልናገርም። ሐጂ ሳልም በጥምጥማቸው አፍንጫቸውን ይዘው ብድግ አሉና በኦሮምኛ «ማል ኩን?» አሉ። ይህ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። ወንድማቸው ቋንቋው ባይገባውም ፊታቸውን አይቶ በሳቅ ወደቀ። እኔም አንዱን ጎርሼ ነበርና አፌን እንደሞላሁ ሳቅሁ። ዕንባዬ እስኪወርድ፣ ጎኔን እስኪወጋኝ። ከጅማ ከወጣሁ፣ እንዲያውም ዓለም ከተኛች ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ከሳቁ በኋላ ለዙህር ሲነሱ የግድግዳቸውን ሰዓት አየሁ፤ በእነሱ አቆጣጠር አንድ ተኩል ይላል። የኔው ስድስት ይላል። ማስታወሻዬ ላይ «ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት፣ በሐጂ ወንድም ቤት ብዙ ሳቅን» ብዬ ጽፌያለሁ።

ሐጂ ከዚያ ቀሩ። ወደብ ድረስ ሸኙኝና የተረፈውን ዝንጅብል ኪሴ ከተቱልኝ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ክፉ ነበር። መኝታ ክፍሉ ለብቻዬ ሰፋብኝ። ሆንግ ኮንግ ላይ ዝናብ ስለነበር አልወረድኩም። ወደ ሰሜን ስንወጣ ብርዱ በረታ፤ ባሕሩ የአመድ መልክ ያዘ። ሦስት ሰዓት ሲል ግን አንድም ቀን አልቀረሁም።

ዮኮሃማ ስንደርስ ብሩኖ ፈልጎኝ መጣ። ቀጠሮውን አልረሳም፤ እንዲያውም ጥርሱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። በወደቡ ሕንፃ ላይ ያለውን ትልቅ ሰዓት አሳየኝ። አሥር ሰዓት ይላል።

«የሚስትህን ሰዓት አሳየኝ» አለ።

ክንዴን ሰጠሁት። አንድ ሰዓት ይላል። ፈገግታው ጠፋ።

«ነክተኸዋል?»

«ቆሞብኝ ነበር። በማዕበሉ ጊዜ። በፀሐይ አስተካከልኩት፤ ስትወጣ አሥራ ሁለት ላይ አደረግሁት።»

«በየትኛው ፀሐይ?» አለኝ።

ጅማ ውስጥ ያለችው ፀሐይ አንዲት ናት።

ቀስ ብሎ ነገረኝ። ያን ጠዋት በባሕር ላይ ስትወጣ ያየኋት ፀሐይ ጅማ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይቀራት ነበር። ስለዚህ ሰዓቴ ከጅማ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። የኔ ሰዓት ሦስት ሲል ጅማ ገና መንጋቱ ነው፣ ድሬሰሩም ከቤቱ አልወጣም። ጅማ ሦስት ሲሆን ደግሞ የኔው ስድስት ይላል። «አትዘን፣ ያሰብከው ያው ማሰብ ነው» አለኝ። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዞረው ነበር። መርፌውን ወደ ኋላ መልሼ ከወደቡ ሰዓት ጋር አስተካከልኩት። ልክ እንዳለው መርፌዎቹ አንድ ቦታ ላይ ሆኑ።

ከመርከቧ ስወርድ የማሽኑ ፋብሪካ ሰው ስሜን በወረቀት ጽፎ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝና በሁለት እጁ ቴሌግራም ሰጠኝ። አማርኛውን በላቲን ፊደል የጻፈው የዓለም ወንድም ነው። ዓለም በማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዐረፈች፣ እግዚአብሔር ያጽናህ ይላል። ቀኑንም ጽፎታል። ማስታወሻዬን ገልጬ የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ ማየት አላስፈለገኝም፤ ግን ገለጥኩት። «ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት፣ ብዙ ሳቅን» ይላል።

ስለ ጃፓን ብዙ አልጽፍም። ማሽኑን ተማርኩ። አርባዋን ያሳለፍኩት ፋብሪካው ያስጠጋኝ ቤት ውስጥ ነው። የቤቱ እመቤት ማቄን ለብሼ ስታየኝ ምንም ሳትጠይቅ ከእራቴ ጎን አንድ ሳህን ሩዝ ጨምራ፣ ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠችልኝ። በምልክት ለሟች ነው አለችኝ። በነጋታው ያንን ሳህን ራሴ አጠብኩት።

ጅማ ስመለስ ዝናቡ እንደተውኩት ነበር። እትዬ ብርቄ ከል ለብሰው በር ላይ ተቀበሉኝ፤ ተላቀስን። ሰው ሁሉ ሲሄድ የሆነውን ነገሩኝ። ያን ጠዋት ድሬሰሩ ገብቶ መርፌውን ሲያዘጋጅ፣ ጎረቤቶችም ቁጭ ብለው ሲያወሩ፣ ዓለም እጇን አንሥታ «ዝም በሉ፣ የእሱ ሰዓት ነው» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። መርፌው ሳይወጋት፣ እንደዚያ ዝም እንደተባለ አለፈች።

«እኔ ልጄን ቀብሬያለሁ፣ ከዚህ ሌላ የምጠይቀው የለም» አሉኝ። «በዚያች ሰዓት አስበሃታል?»

«አስቤያታለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው።

ግንባሬን ሳሙኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሐጂ ሳልም ተመለሱና ሰምተው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። «አላህ ያጽናዎ» ብለው እትዬ ብርቄ አጠገብ ተቀመጡ። እትዬ ለእሳቸውም ያንኑ ነገሯቸው፤ ማክሰኞውን፣ ሦስት ሰዓቱን፣ ዝም በሉ ማለቷን። ሐጂ ቀኑን ሲሰሙ ጣታቸው መቁጠሪያቸው ላይ ቆመ። ሰዓቴ ከማዕበሉ በኋላ መሳሳቱን በር ላይ ሳገኛቸው ነግሬያቸው ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፤ ገብቷቸዋል።

«አብራችሁ አልነበራችሁም?» አሉ እትዬ። «ይንገሩኝ እስቲ፣ ያስባት ነበር?»

ሐጂ ውሸት አይናገሩም። ሄርማታ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፦

«በዚያ መንገድ ላይ ስሟን ሳይጠራ የዋለበት ቀን የለም፣ ወላሂ» አሉ።

እትዬ ብርቄ ተመስገን አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሐጂን እስከ አዌቱ ድልድይ ሸኘኋቸው። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ቆሙና እጄን ያዙ።

«ያን ቀን ያሳቅሁህ እኔ ነኝ፣ ተሰማ» አሉ። «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

«እርስዎ ምን አደረጉኝ?» አልኳቸው። «አውፍ ብዬዎታለሁ።»

እሳቸው ወደ ሄርማታ፣ እኔ ወደ ቤት ሄድን። እትዬ ብርቄ አሁንም ከእኔ ጋር ናቸው፤ ማንበብ አይችሉም። ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጠው ስለ ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። ስለ ባሕሩ አልኳቸው።